የአጎቴ ሉዲ ጎን

አባቴ የክርስትና አባቴን የገደለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሕዝብ እያየ፣ ገሚሱም እያጨበጨበ ነው። እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ትሪቡኑ ላይ በእናቴና በሟቹ ሚስት መሐል ተቀምጬ ኦቾሎኒ እበላ ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። ምን እንዳየሁ ግን እስካረጅ ድረስ አልገባኝም። ዓይን ብቻውን ምን ያውቃል?

ኮልተን ብረት የሚቀልጥባት የአሜሪካ ከተማ ናት። የቤዝቦል ቡድናችን አንጥረኞቹ ይባላል፤ በፈረንጆቹ 1952 ግን ሲቀጠቀጥ የከረመው እሱ ራሱ ነው። በዚያ ዓመት አንጥረኞቹን ያላሸነፈ ቡድን ቢኖር ያልገጠማቸው ብቻ ነው። አባቴ ብሩኖ ዛሬምባ የቡድኑ ወርዋሪ ነበር፤ መሐል ጉብታው ላይ ቆሞ ኳሷን እንደ ጥይት ወደ ባለዱላው የሚለቅ። ዕድሜው ሠላሳዎቹን አጋምሶ ነበር፤ ይህ ለወርዋሪ ሽምግልና ነው። ሰዎች "ክንዱ አልቋል" ይሉ ነበር። እኔ ማታ እጅጌውን ሲሰበስብ ክንዱን ደጋግሜ አየዋለሁ። ምንም አልጎደለውም። ውሸታሞች ናቸው አልኩ።

ሽንፈት ሲበዛ ከተማው ከፋ። ሳምንቱን ሙሉ እሳት ሲለበልበው የከረመ ሰው ቅዳሜ ሜዳ መጥቶ እንደገና ሲሸነፍ ንዴቱን የት ያድርገው? ጠርሙስ ይወረውራል። ጠርሙሱ ሲያልቅበት አጠገቡ ያለውን ሰው ይመታል። እናቴ ስቴፋ ሰማዩ ጠርቶ እንኳ ጃንጥላ ሳትይዝ ስታዲየም አትገባም ነበር። አንድ ቀን ከኋላችን የተቀመጠች ሴት "ያንን ሽማግሌ ባልሽን ወስደሽ አጥር አስጠግኚው!" ብላ ጮኸች። እናቴ ዞር ብላ ጃንጥላውን አናቷ ላይ አሳረፈችባት፤ ተመልሳም "ብዪ ኦቾሎኒሽን" አለችኝ። ጃንጥላ የሚያዘው ለዚህ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ አንዳንድ ቀን ዓይኑ አብጦ ይገባል። "ደረጃ ላይ ወደቅሁ" ይለኛል። የስታዲየሙ ደረጃ ምን ዓይነት ክፉ ደረጃ ቢሆን ነው እያልኩ አዝንለት ነበር። ደረጃ የተባለው የገዛ ቡድኑ ኳስ ቀላቢ ነው። በልብስ መቀየሪያው ክፍል በየሽንፈቱ ማግሥት "በአንተ ነው፣ በአንተ ነው" እየተባባሉ ይቧቀሱ ነበር።

የክርስትና አባቴ ሉድቪክ ይባላል፤ ሁላችንም ሉዲ ነው የምንለው፤ እኔ አጎቴ ሉዲ። ከአባቴ ጋር አንድ መንገድ ላይ፣ አንድ የፖላንዶች ቤተ ክርስቲያን ሥር፣ አንድ የተቀደደ ኳስ እየተሻሙ ነው ያደጉት። ከአንጥረኞቹ ሁሉ ዱላ መያዝ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። እኔን ሲያገኝ ትከሻው ላይ ሰቅሎኝ እንደ ፈረስ እያናፋ ይሮጣል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች "አንተ ትልቅ ሰውዬ፣ አታፍርም?" ሲሉት "ፈረስ ምን ያፍራል?" ይላቸው ነበር። እወደው ነበር። ከአባቴ አስበልጬ የወደድኩበት ቀንም አይጠፋም።

በሰኔ የቡድኑ ባለቤቶች እጅ ሲያጥራቸው ሉዲን ለስቶንፎርድ ቡድን እንደ በሬ ሸጡት። ትምህርት ቤት ግን ልጆቹ "የክርስትና አባትሽ ከዳን" አሉኝ፤ እኔም ከዳን አልኩ። በሐምሌ ስቶንፎርዶች ሊገጥሙን ሲመጡ ሉዲና አባቴ ሜዳው ላይ ትከሻ ለትከሻ ሲተላለፉ አየሁ። ሰላም አልተባባሉም። አባቴ መሬት መሬት አየ፤ ሉዲ ጓንቱን አየ። ተጣልተዋል ማለት ነው፣ አባቴ ጠልቶታል ማለት ነው አልኩ። ከተቃራኒ ቡድን ሰው ጋር ሜዳ ላይ ያወራ፣ የተሳሳቀ እንደሚቀጣ ማን ይንገረኝ?

በዚያው ቀን የስቶንፎርድ ወርዋሪ የእኛን ልጅ፣ ፊንችን፣ መንጋጋውን በኳስ ሰበረው። ፊንች እኛ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ገና ጢም ያላወጣ ተጫዋች ነበር። ሐኪሞቹ ጥርሱን በሽቦ ጠፍረው ሰደዱት። ከዚያ በኋላ ማዕድ ላይ ቀርቦ የጎመን ሾርባ በቀጭን ቱቦ ሲስብ አየው ነበር። ሽቦው ያምርበታል ብዬ እኔም እንዲሠራልኝ እናቴን ለመንኳት። ፊንች መሳቅ ሞክሮ እንባው መጣ።

የወርዋሪዎች ሕግ የትም አልተጻፈም፤ ግን ከአሥርቱ ትእዛዛት ይልቅ ይከበራል። የእኛን ሰው ከመታችሁ የእናንተን እንመታለን፤ ያውም ምርጡን። ደም መመለስ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። የስቶንፎርድ ምርጥ ባለዱላ ደግሞ አሁን ሉዲ ሆነ።

ክሌግ የሚባለው የቡድናችን አሠልጣኝ፣ ስቶንፎርዶች ዳግመኛ ሊገጥሙን ሲሉ፣ በነሐሴ አንድ ቀን ቤታችን መጣ። አንገቱ የወፈረ፣ ሲናገር ጥርሱ መሐል የተቀረቀረች የክብሪት እንጨት የምትወዛወዝ ሰው ነበር። በረንዳው ላይ ቆሞ፣ እኔን እንደ ወንበር ቆጥሮ፣ አባቴን እንዲህ አለው፦

"ቅዳሜ ሉዲ መሬት እንዲልስ እፈልጋለሁ።"

"ሌላ ሰው ፈልግ" አለው አባቴ።

"ሌላ ሰውማ ሞልቷል። ለሚቀጥለው ዓመትም ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፤ አንተ ምድጃው ፊት ትቆማለህ።"

እኔ የማውቀው ምድጃ የእናቴን ነው። አባቴ ከእኛ ጋር ቤት ሊውል ነው ብዬ ደስ አለኝ። ክሌግ ያለው የፋብሪካውን ነው። የአባቴን ታላቅ ወንድም ቪክቶርን የበላው ያ ምድጃ ነው፤ የፈላ ብረት ተገልብጦበት የሚቀበር እንኳ አልተረፈም፤ ባዶ ሣጥን ነው የቀበሩት። አባቴ ኳስ መወርወር የተማረው ከዚያ በር ለመሸሽ ነው። ክሌግ ከመጣበት ቀን ጀምሮ እናቴ የአባቴን ሳህን እንደ ሞላ ታነሳለች።

ዓርብ፣ እራት ተነሥቶ ገና ሳይመሽ፣ የጓሮው በር ተንኳኳ። ሉዲ ነበር፤ ባርኔጣውን ቅንድቡ ድረስ ደፍቶ እንደ ሌባ ሾልኮ ገባ። እኔ ወደ ላይ ተልኬ ነበር፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ በእንጨቶቹ መሐል ወጥ ቤቱን አያለሁ። በለሆሳስ ጀመሩ፤ ቆይቶ ሉዲ ጠረጴዛውን ደበደበ።

"ታዲያ ቪክቶር የቆመበት ልትቆም ነው?"

"ቪክቶርን አታንሣው!" አለ አባቴ።

"አነሣዋለሁ! ምን ታደርገኛለህ?" ሉዲ ተነሥቶ የአባቴን ቀኝ እጅ ጨመቀው፤ በዚያው በአባቴ ጡጫ የገዛ ጎኑን ይደበድብ ጀመር። "ምታኝ! ይኸው፣ ምታኝ አልኩህ! ወንድ አይደለህም?"

"ልቀቀኝ ሉዲ! ልቀቀኝ ብዬሃለሁ!"

ወንበር ተገለበጠ። እናቴ መሐላቸው ገብታ "ልጅቷ ትሰማለች፣ እናንተ እብዶች!" አለች። ሁለቱም እንደ ሮጠ ሰው ያለከልኩ ነበር። ሉዲ የአባቴን ማጅራት ይዞ ግንባሩን ግንባሩ ላይ አጋጨ። ሊነክሰው መሰለኝ። ተነሥቼ ወደ አልጋዬ ሮጥኩ።

የቀረውን እናቴ የነገረችኝ እኔ ራሴ አያት ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ለሐዘንተኛ ቤት የምንወስደውን ጎመን አብረን ስንከትፍ፣ ሳልጠይቃት። ሉዲ የመጣው ሊጣላ አልነበረም። ክሌግ ያዘዘውን ሰምቶ አባቴን ከምድጃው ሊያስጥል ነው የመጣው። "ጎኔ ላይ አሳርፍልኝ" አለው። "ሥጋ ነው፣ ቢበዛ አንድ አጥንት ይሰነጠቃል። እኔ ሁለት ሳምንት ተኝቼ የሚስቴን ሾርባ እጠጣለሁ፤ አንተም ሥራህን ይዘህ ትቀራለህ። ብቻ በሙሉ ኃይልህ ወርውር፤ ለስለስ ካደረግህ ክሌግ ይነቃብናል። እኔ እንደ ግንድ ነው የምቆመው፤ ንቅንቅ አልልም።"

እናቴ "አፍህ ይቆማል፤ ሰውነትህስ?" አለችው። ሁለቱም ሳቁባት። ሴት ስለ ኳስ ምን ታውቃለች?

ቅዳሜ ካፊያ ነበር። የሉዲ ሚስት ኢርማ ከስቶንፎርድ በአውቶቡስ መጥታ እንደ ድሮው ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ለእኔ አዲስ ሪቫን አምጥታልኝ ፀጉሬን እያሰረችልኝ ነበር። ሉዲ ምንም አልነገራትም። ተጫዋቾች ጉዳታቸውን ለሚስት የሚናገሩት ከደረሰ በኋላ ነው።

ሕዝቡ ገና ከጅምሩ ደም ጠምቶታል። ፊንች መንጋጋውን እንደ ታሰረ ሜዳው ዳር ወጥቶ እጁን ሲያወዛውዝ ስታዲየሙ ተናወጠ። "በለው!" ይላሉ። "ዛሬ በለው ዛሬምባ! አንጥፈው!" ሉዲ ለመጀመሪያ ጊዜ ዱላውን ይዞ ሲቆም አባቴ ደህና ኳስ ወረወረለት። ሉዲ መታት፤ ኳሷ ሩቅ ሄደች። ሁለተኛም እንዲሁ ሆነ። ያኔ ጠርሙስ መዝነብ ጀመረ፤ ለሉዲ ሳይሆን ለአባቴ። አንዱ ትከሻው ላይ ተሰበረ። አባቴ ስብርባሪውን ከልብሱ አራግፎ እንደገና ቆመ።

"ፈሪ!" አለ አንድ ሰው ከበላያችን። "ከሃዲው ወዳጅህ ነው እንዴ?"

እኔም በልቤ ፈሪ አልኩት። ትናንት "ወንድ አይደለህም?" ሲባል እንኳ አልመታም ነበር፤ ሰምቼዋለሁ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሉዲ ወጣ። ክሌግ ከተጫዋቾቹ መጠለያ ብቅ ብሎ የክብሪት እንጨቷን ከአፉ አወጣና ወደ መሬት ጣላት። አባቴ አየው። ከዚያ ሉዲን አየው። ሉዲ ጫማውን አሸዋው ውስጥ ደጋግሞ ተከለ፤ ክርኑን ከፍ አድርጎ ጎኑን ገለጠ። ይሳደባል ብዬ አሰብኩ፤ "ምን ታመጣለህ?" ማለቱ መሰለኝ። እናቴ በእኔ ላይ ተሻግራ የኢርማን እጅ ያዘች። ኢርማ ግራ ገብቷት "ምነው ስቴፋ፣ አሳመምሽኝ እኮ" አለቻት።

አባቴ ወረወረ።

ሉዲ ግንድ አልነበረም። ኳስ ወደ ገላው ስትመጣ ባየ ቁጥር ዝቅ ማለትን ከልጅነቱ ጀምሮ ገላውን ሲያስተምር ኖሯል፤ የዓርቡን ስምምነት ገላው አልሰማም። ዝቅ ሲል ጎኑ በነበረበት ቦታ ጭንቅላቱ ተተካ። በዚያ ዘመን የብረት ቆብ የሚያደርግ የለም፤ የጨርቅ ኮፍያ ነው። ሲመታ የተሰማው ድምፅ ከዱላው የወጣ መስሏቸው ብዙ ሰዎች ኳሷን ሰማይ ላይ ፈለጓት። እኔም ቀና ብዬ ፈለግኋት። ወደ ታች ስመለከት ሉዲ በግንባሩ ተደፍቶ እግሩ ብቻውን ይራገጥ ነበር።

ከዚያ ጭብጨባው መጣ። አሁንም ድረስ እሰማዋለሁ፤ ያጨበጨቡት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፣ ዳቦ ጋጋሪያችን አለበት፣ የትምህርት ቤት ዘበኛው አለበት። ኢርማ ጮኸች። ሰው እየረገጠች ወደ ታች ወረደች፤ አጥሩን ስትዘል ቀሚሷ ተይዞ ተቀደደ።

አባቴ ከጉብታው ወደ ሉዲ ሮጠ። ሊጨርሰው ነው ብዬ ዓይኔን ሸፈንኩ፤ በጣቶቼ መሐል ግን አየሁ። የስቶንፎርዱ ኳስ ቀላቢ መንገድ ላይ ጠብቆ አፉን መታው። አባቴ ወደቀ፤ ተነሣ፤ ሰውዬው ደግሞ መታው። ሌሎቹም ደረሱ። በእርግጫ ጎኑን፣ ሆዱን፣ ፊቱን አሉት። የእኛዎቹ መጡ፤ ሜዳው በአንድ አፍታ ቡጢ ብቻ ሆነ፤ ሰው ከትሪቡን እየዘለለ ገባበት፤ አንዱ የተሰበረ ዱላ ይዞ ያገኘውን ሁሉ ይመታ ነበር። አባቴ በዚህ ሁሉ መሐል እጁን አላነሣም። ሁለቱም እጆቹ ወደ ታች ተንጠልጥለው ነበር። ጥፋተኛ ስለሆነ ነው፣ ፈሪም ስለሆነ ነው አልኩ። አሁን ሳስበው ያን ቀን አባቴን በአግባቡ ያስተናገዱት የመቱት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የሚፈልገውን ሰጡት።

ፖሊስ ጠየቀ። ኳሷ በዝናቡ ረጥባ ከእጁ አመለጠች ተባለ፤ ጋዜጣውም እንዲሁ ጻፈ። አባቴ አዎም አይደለምም አላለም። እንዴት ይበል? "እሱ ራሱ ምታኝ ብሎኝ ነው" ብሎ መናገር ሟችን ለምስክርነት መጥራት ነው። ሉዲ ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። አንድም ቃል ሳይተነፍስ ነው የሄደው።

ማክሰኞ ክሌግ መጣ። በአንድ እጁ ውስኪ፣ በሌላው የውል ወረቀት ይዟል። እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመችበት።

"ወይዘሮ ዛሬምባ፣ ከልቤ አዝኛለሁ" አላት።

"ካዘኑ ባርኔጣዎን ያውልቁ።"

አወለቀ። አባቴ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል፤ ፊቱ አብጦ አንድ ዓይኑ አይታይም። እኔ ከደረጃው ላይ ነኝ። የዚያ ቤት ደረጃ ከመጽሐፍ በላይ አስተምሮኛል፤ ያስተማረኝ ግን ሁሉ ግማሽ ግማሹን ነው።

"ጨዋታ ነው ብሩኖ። ይደርሳል" አለ ክሌግ። "ሰዎቹ ወሬ ሲደክማቸው ይተዉታል። ባለቤቶቹ ሁለት ዓመት ሊጨምሩልህ ተስማምተዋል። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? ከእንግዲህ አንተ ፊት ተዝናንቶ የሚቆም ባለዱላ የለማ! ክንዱ አልቋል ሲሉህ አልነበር? ዛሬ በዚህች አገር ከአንተ ክንድ የበለጠ የሚፈራ ክንድ የለም።"

"ደግሞ ምታ ብትለኝስ?"

"እሱን ያኔ እንነጋገራለን።"

"አሁን ንገረኝ።"

ክሌግ ሳቀ። "ትመታለሃ። መንገዱን እኮ ከፍተኸዋል።"

አባቴ ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ የማያውቀው ዕቃ ይመስል፣ ትንሽ ተመለከተው። "የምትፈልገው ይሄን ነው?"

"እሱን ነዋ! ሌላው ገላህማ ምን ይሠራልኛል?"

"ና ልሸኝህ" አለና ተነሣ።

ወደ መስኮት ሮጥኩ። ክሌግ መኪናው ውስጥ ገባ። አባቴ በሩ ክፍት እንደሆነ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነገረው። ከዚያ በሩ ተዘጋ፤ ድምፁ ላይ ድረስ መጣ። አባቴ በጉልበቱ ወደቀ። በሩ እንደገና ሲከፈት ክሌግ በሌላኛው በኩል ወጥቶ አጥራችን ሥር ያስታውክ ነበር። የአባቴ ጣቶች ወደማይሆን አቅጣጫ ዞረው አየኋቸው።

ክሌግ ሰበረው አልኩ። እግዚአብሔር አየ፣ ለአጎቴ ሉዲ ፈረደለት፣ ክፉውን ሰው በሌላ ክፉ ሰው እጅ ቀጣው አልኩ። ደስ አለኝ። አልጋዬ ላይ ወጥቼ ዘለልኩ።

በሩን የዘጋው አባቴ ነው። ቀኝ እጁን ማጠፊያው ላይ አስገብቶ በግራው ዘጋው። እናቴ ከደጃፉ ቆማ አይታዋለች። "ይኸው፣ ውሰደው" ነው ያለው ክሌግን። ማንም ደግሞ "ምታ" ብሎ የማያዘው እጅ እንዲኖረው ፈልጎ ነው። ያ እጅ ምድጃውንም የሚጠቅም አልሆነም። አባቴ ቀሪ ዕድሜውን የፋብሪካው በር ላይ ዘበኛ ሆኖ በግራ እጁ በር ሲከፍትና ሲዘጋ ነው የኖረው።

ረቡዕ ቀብሩ ነበር። እናቴ ማለዳ ወደ ኢርማ ሄዳለች፤ ኢርማ በር ትክፈትላት አትክፈትላት ሳታውቅ ነው የሄደችው። የስቶንፎርድ ተጫዋቾች ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አባቴን እንደሚጠብቁት ፊንች በታሰረ ጥርሱ መጥቶ ነግሮታል። "አትሂድ፣ ይገድሉሃል" አለው። አባቴ ነጭ ሸሚዙን በአንድ እጁ ለመልበስ ይታገል ነበር።

ከዚያ ወደ ክፍሌ መጣ። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ ጄሶ ነው። ሸሚዙ እንደ ተከፈተ አልጋዬ ፊት ተንበረከከ።

"ቴክላ፣ ቁልፌን ቆልፊልኝ።"

መጠጋት ፈራሁ፤ ግን ተጠጋሁ። ከታች ጀመርኩ። የጎኑ ሥጋ በእርግጫ በልዞ ጠቁሮ ነበር፤ ሲተነፍስ ይንቀጠቀጣል። ሆዱ ላይ ደርሼ ቆምኩ።

"አጎቴ ሉዲን ትጠላው ነበር?"

"አልጠላውም።"

"ታዲያ ለምን ገደልከው?"

አፉን ከፈተ። ሊነግረኝ ነበር፣ አሁን አውቃለሁ። ከንፈሩ ላይ ያለው ስፌት ተሳበና ጥቂት ደም ወጣ፤ በምላሱ ጠረገው። ስምንት ዓመት ለሞላት ልጅ ሟቹ ራሱ ለምኖኝ ነው አይባልም። መስኮቱን አየ፤ ደወሉ መደወል ጀምሮ ነበር።

ቀጠልኩ፣ እስከ አንገቱ። የመጨረሻው ቁልፍ አልገባም አለ፤ አንገቱ አብጧል። ኮሌታውን በሁለት እጄ ይዤ፣ እንዲያመው ፈልጌ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትኩት። ፊቱ ቀላ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ።

"አመመህ?" አልኩት።

"ገና ነው" አለኝ አባቴ። "ጠበቅ አድርጊው።"